ለአሮጌው ስልክ ስንት ሰው ይመደብ?

ይዘጋ ባይ፦ ከሒሳቡ እንጀምር። አነስተኛ የሞባይል ክፍያ ድርጅታችን አሥር የሶፍትዌር ባለሙያዎች አሉት። ከአሥሩ ሦስቱ አዲስ ነገር አይሠሩም። አንዱ ኮከብ፣ ቁጥር፣ መሰላል ተብሎ የሚከፈተውን የዩኤስኤስዲ ሜኑ ይጠብቃል። ሁለቱ ደግሞ አፑ በቆዩ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ እንዳይዘጋ ሲታገሉ ይውላሉ። የገቢ መዝገቡን ስትገልጪ ግን በእነዚህ መንገዶች የሚመጣው ገቢ የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ከሰው ኃይላችን ሢሶው ሊሆን ምንም ያልቀረው ለትንሹ ገቢ ይውላል። ይዘጋ የምለው ደንበኞቹን ንቄ አይደለም። ሦስቱን ሰዎች ሌላ ቦታ ስለምፈልጋቸው ነው።

ይቆይ ባይ፦ መዝገቡን አብረን እንግለጠው። አዲስ አበባ የምትሠራ ልጅ በአፑ ሁለት ሺህ ብር ለእናቷ ላከች። እናትየው የምትኖረው ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው፤ የያዘችውም ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። የአገልግሎት ክፍያው የተቆረጠው ከልጅቷ ስለሆነ ገቢው በአፑ ዓምድ ሥር ይጻፋል። እናትየው መልእክቱ ሲደርሳት ሜኑውን ትከፍታለች፣ ቀሪ ሒሳቧን ታያለች፣ በገበያ ቀን ወኪሉ ዘንድ ሄዳ ታወጣለች። ለዚያ የወጣው ወጪ ደግሞ በሜኑው ዓምድ ሥር ይጻፋል። በመዝገባችን ልጅቷ ትርፍ፣ እናትየው ኪሳራ ሆነው ይታያሉ፤ ግብይቱ ግን አንድ ነው። ሜኑውን ዝጋና ልጅቷ በሚቀጥለው ወር በእኛ በኩል ትልክ እንደሆነ እይ። ከሪያድ ወይም ከቤይሩት የምትልከዋ እህትም እንደዚያው ናት። በምን መንገድ እንደምትልክ የሚወስነው እሷ የያዘችው ስልክ ሳይሆን ተቀባዩ ቤተሰቧ የያዘው ስልክ ነው።

ይዘጋ ባይ፦ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። መዝገቡ ይታረም፣ ላኪና ተቀባይ አንድ ላይ ይቆጠሩ። ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት ግን ጥያቄው ተመለሰ ማለት አይደለም። ባለሙያ አንድ ቦታ ሲመደብ ሌላ ቦታ ይጎድላል፤ የጎደለበት ቦታ ደግሞ ጠበቃ የለውም። ሜኑው ቢዘጋ ነገ ጠዋት የጥሪ ማዕከላችን ይጨናነቃል። ለትንንሽ ነጋዴዎች ልንሠራ ያሰብነው ብድር ሳይሠራ ቢቀር ግን ማንም አይደውልም። ሰው አይቶት የማያውቀው ነገር ቀረብኝ ብሎ አያማርርም። ዛሬ ያለው ደንበኛ መናገር ስለቻለ ብቻ ገና ያልመጣውን እንዳንበድል እፈራለሁ።

ይቆይ ባይ፦ ፍርሃትህ ይገባኛል። የማልቀበለው ዕድሜ መቁረጫ ሲሆን ነው። የጀርመን ቴሌኮሞች እንኳ እንደዚያ አላደረጉም። ዶይቸ ቴሌኮምና ቮዳፎን እ.ኤ.አ. በ2021 አጋማሽ የዘጉት 3ጂን ነው፤ ከእሱ ቀድሞ የተወለደውን 2ጂን አቆዩት። 3ጂ የሚሰጠውን ሁሉ 4ጂ አሻሽሎ ይሰጣል። በ2ጂ ላይ ግን በየቤቱና በየፋብሪካው የተተከሉ ቆጣሪዎችና መቆጣጠሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት በአዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ላይ ግዴታ የሆነው የአደጋ ጊዜ ጥሪ መሣሪያም ይጠቀምበታል። ታናሹ ተዘግቶ ታላቁ ቆየ። የጠየቁት "የቱ ያረጀ ነው?" ብለው ሳይሆን "የቱ ቢወጣ የሚተካው አለ?" ብለው ነው።

ይዘጋ ባይ፦ ታሪኩን መሐል ላይ አታቁሚው። ያው ዶይቸ ቴሌኮም 2ጂን እ.ኤ.አ. በ2028 አጋማሽ እንደሚዘጋው አስታውቋል። አቆየው እንጂ ለዘላለም ቃል አልገባለትም፤ ቀን ቆረጠለት። አሜሪካ ውስጥም ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 3ጂን ሲዘጋ የማንቂያ ደወል ኩባንያዎች በየቤቱ የተተከለው መሣሪያቸው ገና ስላልተቀየረ ይራዘምልን ብለው ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ጠይቀው ነበር። አልተራዘመም። ኩባንያው የሬዲዮ ሞገዱን ለአዲሱ አገልግሎት ይፈልገው ነበር፤ ሞገድ ደግሞ ስለተፈለገ የሚበዛ ነገር አይደለም። ዋትስአፕን ተመልከቺ። ከጀርባው ያለውን ገንዘብ ታውቂዋለሽ። እሱ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን አንድሮይድ 4.4ን በ2025 መጀመሪያ ላይ ተወው። እነሱ የማይችሉትን እኛ በአሥር ሰው እንችላለን?

ይቆይ ባይ፦ ዋትስአፕ ሲዘጋበት ሰውየው ወሬ ይቀርበታል፤ በሌላ ስልክ ይደውላል። የእኛ ደንበኛ ግን ገንዘቧ እኛ ዘንድ ነው። ስልኳ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ ማለት የራሷን ገንዘብ ለማየት የሰው ስልክ ልትለምን ነው፤ በሰው ስልክ ላይም ሚስጥር ቁጥሯን ልታስገባ ነው። አገራችን ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ ይህን አይተውታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአፕ ብቻ አልመጣም፤ *127#ን ይዞ ነው የመጣው። የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ብርም *847# አለው።

ይዘጋ ባይ፦ ቴሌብር ያለው ቴሌ ቤት ውስጥ ነው። ኔትወርኩ የራሱ ነው፣ ሜኑው የሚያልፍበት መስመር የራሱ ነው። እኛ በሰው መስመር ላይ ተከራይተን ነው የምንሠራው። ትልቁ ስለቻለ ትንሹም ይችላል አይባልም። ደግሞም የዋህ አንሁን፤ ሜኑውን ማቆየት ማለት ኮምፒውተር አብርቶ መተው አይደለም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 182 ምልክት የሚይዘው የዩኤስኤስዲ ገጽ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ 80 ብቻ ይይዛል። አጭር መልእክትም ከ160 ወደ 70 ይወርዳል። "ብር 2000 ደርሶዎታል። ቀሪ ሒሳብዎ 2350 ብር ነው።" ብለሽ ጻፊ፤ የ70ው እኩሌታ አለቀ። የላኪውን ስም፣ ቀኑንና የግብይት ቁጥሩን ስትጨምሪበት አንዱ መልእክት ሁለት ይሆናል፣ ሁለት ጊዜም ይከፈልበታል። የሕግ ክፍሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡልኝ ባለ ቁጥር ሜኑው ተቆራርጦ እንደገና ይሠራል፤ ተጠቃሚዋ ቀጣዩን ገጽ ስትጠብቅ ሰዓቱ ያልፍና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አንዳንዱ ስልክ ደግሞ የአማርኛ ፊደል ጨርሶ ስለሌለው ባዶ ሳጥን ደርድሮ ያሳያታል። ለዚያ ስልክ ብለን ያንኑ ሜኑ በላቲን ፊደልም እንይዛለን። ይህ ሁሉ የሰው ጉልበት ነው።

ይቆይ ባይ፦ የዘረዘርከው ሥራ እውነት ነው፤ በየቀኑ አየዋለሁ። ግን ልብ በል፤ አብዛኛው ልፋት የመጣው ሜኑው አሮጌ ስለሆነ ሳይሆን አዲሱን ሁሉ እዚያ ውስጥ እንክተት ስለምንል ነው። ማስታወቂያ፣ ሎተሪ፣ የነጥብ ሽልማት፣ የጓደኛ ግብዣ። እናትየው የምትፈልገው አራት ነገር ነው፦ ቀሪ ሒሳብ ማየት፣ መቀበል፣ መላክ፣ ማውጣት። ሜኑው አራት መስመር ይሁን። አዲስ አገልግሎት አይጨመርበት። ጥበቃው ግን ይሟላ። ለዚያ ሦስት ሰው አያስፈልግም።

ይዘጋ ባይ፦ ይህን ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ግማሽ መንገድ በሄድን ነበር። ግን ጥበቃው ይሟላ ያልሽው ላይ ልቆይ፤ ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነውና። ግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ላይ ዋናክራይ የተባለው ጥቃት የእንግሊዝን የመንግሥት ሆስፒታሎች ሲያሽመደምድ ወደ 19 ሺህ የሚሆኑ የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰርዘዋል። የብሪታንያ መንግሥት ዊንዶውስ ኤክስፒን ከሦስት ዓመት በፊት መጣል ሲገባው አምስት ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ከፍሎ የአንድ ዓመት ዕድሜ ገዝቶለት ነበር። ዓመቱ አለቀ፤ ኮምፒውተሮቹ ግን በየክፍሉ ቀሩ። አሮጌን ማቆየት ርኅራኄ ይመስላል። በሽተኛው ሲመለስ ግን ርኅራኄ አይደለም።

ይቆይ ባይ፦ ምሳሌው የሚመሰክረው ለእኔ ነው። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ጉዳዩን መርምሮ ያገኘው ሌላ ነው። በሆስፒታሎቹ ውስጥ ከተጠቁት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የሚጠቀሙ ነበሩ፤ ያኔ ዊንዶውስ 7 ገና ከነሙሉ ጥበቃው ያለ ሥሪት ነው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ በመጋቢት ወር፣ ከጥቃቱ ሁለት ወር ቀድሞ አውጥቶለታል። የጫነው ሰው አልነበረም። ያልተጠበቀ አዲስ ነገር ከተጠበቀ አሮጌ የባሰ አደጋ ነው።

ይዘጋ ባይ፦ ለምን የጫነው ሰው አልነበረም? እስቲ እሱን መልሺልኝ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ያለ የኮምፒውተር ክፍል ኤክስፒውንም፣ ሰባቱንም፣ ከራጅ ማሽኑ ጋር የመጣውን ማንም የማያውቀውን ሥሪትም በጥቂት ሰው ሲጠብቅ አንዱን ማስተካከያ በሁሉም ላይ ሞክሮ ለመጫን መቼ ይደርሳል? ሁሉን ልጠብቅ ያለ ነው አንዱንም ሳይጠብቅ የሚቀረው። የእኛም ነገር እንደዚያ ነው። አንድ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር በአፑ አዲስ ሥሪት፣ በአሮጌው ሥሪት፣ በሜኑው በላቲንና በአማርኛ መድፈን አለብን። አራተኛው ላይ ስንደርስ ሌቦቹ ሦስተኛው ላይ ናቸው።

ይቆይ ባይ፦ ይህ ከተናገርከው ሁሉ ጠንካራው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልስጥህ። አፑን በሁሉም አሮጌ አንድሮይድ ላይ እናሂደው የሚለውን እተዋለሁ። ስልኩ ስማርት ሆኖ ካረጀና አፑ ካልሠራበት ባለቤቱ ከሜዳ አይቀርም፤ ሜኑው በዚያው ስልክ ላይ ይሠራልና። ሁለቱ ሰዎችህ ነፃ ወጡ። ሜኑው ካልተነካ ከሥሩ ሌላ መውደቂያ የለም፤ እሱን ግን አልተውም።

ይዘጋ ባይ፦ ተቀብያለሁ። ሜኑውንስ እስከ መቼ?

ይቆይ ባይ፦ የሌትስ ኢንክሪፕትን ታሪክ ታስታውሰዋለህ? ለድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀት በነፃ የሚሰጥ ትርፍ የማይፈልግ ድርጅት ነው፤ ገንዘቡም ሰውም ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አንድ ችግር ገጠመው። የቆመበት የድሮ ምስክር ጊዜው በመስከረም 2021 ያልቃል፤ አዲሱን ደግሞ ከ7.1.1 በታች ያሉ አንድሮይዶች አያውቁትም። ያኔ ከአንድሮይድ መሣሪያዎች ሢሶው ያህል ማለት ነው። መጀመሪያ በቃ ይቅሩ የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ቆይቶ ግን አንድ መላ ተገኘ። አንድሮይድ የዋናውን ምስክር ማብቂያ ቀን እንደማያይ ተገንዝበው የድሮው ምስክር ባለቤት ለሦስት ዓመት እንዲፈርምላቸው ተስማሙ። አዲሱን ምስክር የሚያውቁት የአንድሮይድ መሣሪያዎች ከመቶ 66 የነበሩት በሦስት ዓመት ውስጥ 93.9 ደረሱ። ከዚያ በ2024 መንገዱን ዘጉት። ብዙ ሰው ሳይጎዱ፣ ገንዘብም ሳይበትኑ። ጊዜ ራሱ ሥራውን ሠራላቸው።

ይዘጋ ባይ፦ ጊዜ የሠራላቸው ሰዎች ስልካቸውን ስለቀየሩ ነው። እዚህ አገር ያ ስሌት ይሠራል? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስልክ ደግሞ፣ እዚህ የሚገጣጠመው ቴክኖም ቢሆን፣ ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። ሰው ስልኩን የሚቀይረው ሲያረጅ ሳይሆን ጨርሶ እንቢ ሲለው ነው። እንጠብቅ ስትዪ ቁጥሩ ራሱ የሚቀንስ ይመስልሻል። ካልቀነሰስ? ያኔ ሦስት ዓመት ያልሽው አሥር ይሆናል።

ይቆይ ባይ፦ እሱን ነው የምልህ። ስልኩ ስለተወደደ ካልቀየረችው፣ መዝጋታችን ምን ያስተምራታል? ገንዘብ ካላት ሳንዘጋባትም ትቀይረዋለች። ከሌላት ብንዘጋባትም አትቀይርም።

ይዘጋ ባይ፦ ታዲያ ወጪውን የሚያየው ሰው ይኑር። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ሲያቆም ለኩባንያዎች በር አልዘጋም። መቆየት የሚፈልግ በአንድ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ይከፍላል፣ በሁለተኛው 122፣ በሦስተኛው 244። ከሦስት ዓመት በኋላ የለም። ዋጋው በእጥፍ የሚያድገው በከንቱ አይመስለኝም። አሮጌውን ማቆየት በየዓመቱ የሚከብድ ሸክም ስለሆነ ያንን ክብደት ለባለቤቱ በግልጽ ያሳየዋል። እኛ ዘንድ ሸክሙ ተደብቆ ነው ያለው፤ የሚሸከመውም አዲሱን አፕ የሚጠቀመው ሰው ነው።

ይቆይ ባይ፦ ለኩባንያ ይሠራል። የፋይናንስ ክፍል አለው፣ በጀት ይዞ ያወዳድራል፣ 244 ዶላር ሲደርስ አዲስ ኮምፒውተር ይገዛል። ከሁለት ሺህ ብር ላይ በየወሩ እየጨመርክ የምትቆርጥባት ገበሬ ግን ምን ታወዳድራለች? ከሁሉም ድሃው ከሁሉም የበለጠ ይክፈል እያልከኝ ነው።

ይዘጋ ባይ፦ አላልኩም። እንዲያውም ተቃራኒውን ላምጣ። ሜኑውን ለማቆየት በየዓመቱ የምናወጣውን ደመወዝ፣ የመስመር ኪራይና የመልእክት ክፍያ ደምሪው። በዚያ ገንዘብ ስልክ ገዝተን በረጅም ጊዜ ብድር እንስጣቸው። አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚያልቅ ወጪ ይሆናል፤ ሰዎቹም ከኋላ ቀርተው አይቀሩም። አሮጌውን እየጠገንሽ በአሮጌው ላይ ከምታስቀሪያቸው ይህ አይሻልም?

ይቆይ ባይ፦ ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ከተማ ውስጥ እንሞክረው። ገጠር ላይ ግን ስልኩ ብቻውን አይሄድም። ባለ ቁልፉ ስልክ አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ ቀናት ይቆያል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ሰው ስልኩን ገበያ ወስዶ ከፍሎ ነው ቻርጅ የሚያስደርገው። ስማርት ስልክ ስትሰጣት በየቀኑ ገበያ አስወጣሃት ማለት ነው። ከዚያ ዳታ መግዛት አለባት። ዩኤስኤስዲ ዳታ አይጠይቅም፤ በጥሪው ሥርዓት ውስጥ ያልፋል፣ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቦታም የስልክ ጥሪ ካለ ይሠራል። ማንበብ የማትችል ሴት ደግሞ የቁልፎቹን ቅደም ተከተል በጣቷ ታውቀዋለች። አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት። አፑ በየአፕዴቱ አዝራሩን ስለሚያዘዋውር ያንን ዕውቀቷን ትነጥቃታለህ።

ይዘጋ ባይ፦ የጣቷን ዕውቀት እኔም አከብራለሁ። አሁን ግን እስካሁን ያላነሳነውን ላንሳ፤ ያቆየሁትም ከባድ ስለሆነ ነው። 2ጂ ጥሪውን የሚሸፍንበት ኤ5/1 የተባለው የምስጠራ ዘዴ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በርሊን ውስጥ ካርስተን ኖል የተባለ ተመራማሪ እንዴት እንደሚሰበር በአደባባይ አሳይቷል። ያቺ እናት ሚስጥር ቁጥሯን ስታስገባ ቁጥሩ ከስልኳ እስከ ምሰሶው የሚሄደው በዚያ ሽፋን ሥር ነው። ለሀብታሙ በአፑ ጠንካራ መቆለፊያ ሰጠነው፣ ለድሃዋ ከብዙ ዓመት በፊት የተሰበረውን። ስለእሷ ነው የምንሟገተው ስትዪ እኔ ይህን አስባለሁ። ገንዘቧ ቢወሰድ መልሳ የምታገኘው በስንት ዓመት ነው?

ይቆይ ባይ፦ ይህን በቀላሉ አልመልሰውም። ዛሬ ደንበኞቻችን ገንዘባቸውን የሚያጡት በዚያ መንገድ አይደለም። "ሽልማት ደርሶሃል፣ የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ" በሚል የስልክ ጥሪ ነው፤ በእሱ ደግሞ የአፑም ተጠቃሚ እኩል ይዘረፋል። ግን ዛሬ አልደረሰም ማለት አይደርስም ማለት አይደለም። ስለዚህ በሜኑው የሚላከው ገንዘብ ጣሪያ ይኑረው። ከጣሪያው በላይ ከሆነ ወኪል ዘንድ፣ መታወቂያ ይዞ። ጉዳቱ ቢመጣ ትንሽ ይሆናል።

ይዘጋ ባይ፦ ለአንቺ ትንሽ ነው። ለእሷ ግን ያላት ሁሉ ሊሆን ይችላል።

ይቆይ ባይ፦ አዎ። ለዚያ ማስተማመኛ የለኝም። ድርጅቱ ይካሥ ልልህ እችላለሁ፤ ካሳው እስኪመጣ ግን ማን እንደሚያበላት አላውቅም። በሌላ በኩል ሜኑውን ስንዘጋባት ገንዘቧን ድሮ ወደምታስቀምጥበት ቦታ ትመልሰዋለች፤ ወደ ሣጥኑ፣ ወደ ጎረቤት፣ ወደ መቀነቷ። እዚያም ሌባ አለ። ልዩነቱ በእኛ መዝገብ ላይ አለመታየቱ ነው።

ይዘጋ ባይ፦ እሺ፤ እንግዲህ አራት መስመር ሜኑ፣ ጣሪያ ያለው፣ አንድ ሰው የሚጠብቀው። ማን ነው ያ ሰው? ይህን ከልቤ ነው የምጠይቅሽ። ጎበዝ ወጣት ባለሙያ እዚህ ሥራ ላይ አስቀምጪና በስድስት ወሩ መልቀቂያ ያስገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃው ላይ የሚጽፈው ነገር አያገኝበትም። የሚቀሩት አንድ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው፤ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ዕውቀቱ አብሮ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የኒው ጀርሲው ገዥ ፊል መርፊ በወረርሽኙ ሥራ ያጡ ሰዎች የሚያመለክቱበት ሲስተም ሲጨናነቅ ኮቦል የሚያውቅ ሰው በፈቃደኝነት ይርዳን ብለው በአደባባይ ጠሩ። ኮቦል እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረ ቋንቋ ነው። ለአርባ ዓመት በሰላም ሠርቷል ተብሎ ሰው ያልተተካበት ሲስተም በጣም በተፈለገበት ሳምንት ባለሙያ አጣ። እኛም ዘንድ የሆነውን አስታውሺ። ሜኑው ላይ የማውጣት አገልግሎቱ ተበላሽቶ እኛ የሰማነው ወኪሎቹ ተሰብስበው ሲመጡ ነው። አፑ ቢበላሽ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሁሉም ሰው ስልክ ይጮኻል። ሜኑው ግን የሚከታተለው ደወል አልነበረውም። አለ ብለን እናስተዋውቃለን፣ ሥራው ግን ባለቤት የለውም። ከመዝጋት የከፋው ይህ ነው። የተዘጋበት ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አለ የተባለ ሰው ገበያ ድረስ በእግሩ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ይቆይ ባይ፦ እዚህ ላይ አንድ ነን። ያን ዕለት ወኪሎቹን የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሜኑው ይቆይ ስልህ አሁን እንዳለው ይቆይ ማለቴ አይደለም። አንድ ባለሙያ ብቻውን አይመደብ፤ ሁለት ሆነው ይፈራረቁ፣ ከአፑ ቡድን ጋር እየተቀያየሩ። ማንም እዚያ ተጥሎ እንዳይቀር፣ ዕውቀቱም በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ እንዳይሆን። ደወል ይገጠምለት። የሚሞከርበት እውነተኛ ስልክ ይገዛ፤ አምስት ባለ ቁልፍ ስልክ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ቦርዱን አያስፈራም።

ይዘጋ ባይ፦ ሁለት ሰው አልሽ። ከየት እንደሚመጡ ንገሪኝ። ሁሉም ይቆይ ማለት ይቀላል። አንዱን ለማቆየት የቱን ትሰርዢያለሽ?

ይቆይ ባይ፦ የነጥብ ሽልማቱን ሰርዘው። አፑ ውስጥ ያለውን ጨዋታም።

ይዘጋ ባይ፦ ወጣቶቹን ያመጣልን ጨዋታው ነው። የእነሱ ግብይት ነው የሜኑውን የመስመር ኪራይ የሚከፍለው። እሱ ሲደርቅ የእናትየው ሜኑ በምን ይቆማል?

ይቆይ ባይ፦ ያመጣቸው ጨዋታው ከሆነ ሌላ ጨዋታ ይወስዳቸዋል። እናትየውን ግን ማንም አልወሰደብንም። ሥራ ከጀመርን አንሥቶ ያለችው እሷ ናት፤ በየገበያው ስማችንን ለጎረቤቷ የነገረችውም እሷ ናት። ግን እሺ፣ በግምት አንከራከር። ጨዋታው ለሩብ ዓመት ይቁም፣ ምን እንደሚቀንስ እንይ።

ይዘጋ ባይ፦ ይሁን፣ ለሩብ ዓመት። በምትኩ ግን ለሜኑው ቀን ስጪኝ። ጀርመኖቹ 2028 ብለው እንደቆረጡት፣ ሌትስ ኢንክሪፕት ሦስት ዓመት ብሎ እንደፈረመው። ቀን የሌለው ነገር በጀት ላይ በየዓመቱ ሾልኮ ይገባል፤ ማንም ቆም ብሎ አያየውም።

ይቆይ ባይ፦ ቀን እሰጥሃለሁ፤ ሦስት ዓመት። ቀኑ ሲደርስ ግን ዝም ብለን አንዘጋም፤ እንቆጥራለን። ወር በገባ ቁጥር በሜኑው ብቻ የሚገቡት ስንት ናቸው፣ የትኛው ወረዳ ናቸው፣ በአቅራቢያቸው ሌላ መንገድ አለ ወይ። ሌላ መንገድ ያለው ይዘጋበት። የሌለው ይራዘምለት።

ይዘጋ ባይ፦ ከቆጠርን በኋላ ሁልጊዜ የምናራዝም ከሆነስ?

ይቆይ ባይ፦ ያኔ ዋጋው በበጀቱ ላይ በራሱ መስመር ይጻፍ። ከአፑ ወጪ ሥር ተደብቆ አይሁን። ለነዚህ ሰዎች ይህን ያህል ብር፣ ይህን ያህል ባለሙያ ተብሎ።

ይዘጋ ባይ፦ የቦርዱን አባላት ታውቂያቸዋለሽ። በራሱ መስመር የተጻፈ ቀን መጀመሪያ የሚሰርዙት እሱን ነው። እስከ ዛሬ የኖረው ተደብቆ ስለነበር ነው።

ይቆይ ባይ፦ ይሰርዙት። ሰርዘው ግን ስማቸውን ይጻፉበት። እስከ ዛሬ ሰው እየተነሳለት፣ ደወል ሳይገጠምለት፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲሰረዝ ቆይቷል። ማንም አልፈረመበትም።

ይዘጋ ባይ፦ ከፈረሙ በኋላስ? የሚደወለው ለቦርዱ አይደለም። የምታነሳው የጥሪ ማዕከል ውስጥ ያለችው ልጅ ናት። ደንበኛዋ "ገንዘቤ የት ገባ?" ስትላት ምን ብላ እንደምትመልስ ማንም አላሰለጠናትም።

ይቆይ ባይ፦ የእነሱን ሥልጠናና ተጨማሪ ሰው በዚያው መስመር ሥር አስገብቼዋለሁ። ረቂቁን ላሳይህ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው።

ይዘጋ ባይ፦ ብዙ ነው የያዝሽው።

ይቆይ ባይ፦ የመዝጊያው ወጪ ነው። በአንተም በጀት ውስጥ መኖር ነበረበት።